ከፊሉን ከፍሎ «አልፈረምኩም» ያለ ባለዕዳ፦ በእርቅ ስምምነት ማስገደድ ይቻላል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ከቀድሞ ሸሪኬ ጋር በሂሳብ ተጣላን። 500 ሺህ አለብህ ብዬ ከሰስኩት። እሱ ምንም የለብኝም አለ። ክሱ እየታየ ሳለ ተገናኝተን በ300 ሺህ ተስማማን። በሦስት ጊዜ መቶ መቶ ሺህ ሊከፍለኝ፣ እኔ ደግሞ ክሱን ላነሳ። ነጥቦቹን በስልክ መልእክት ጻፍኩለት። ‹እሺ ተስማምቻለሁ፣ ጠበቃዬ በወረቀት ያዘጋጀውና እንፈርማለን› ብሎ መለሰልኝ። የመጀመሪያውን መቶ ሺህ ከፈለ፤ እኔም ክሱን አነሳሁ። ከዚያ ጠፋ። አሁን ስደውልለት ‹ወረቀቱ አልተፈረመም። ደግሞ ሂሳቡን እንደገና ሳየው ከመጀመሪያውም ዕዳ አልነበረብኝም። ክስ አስፈራርተኸኝ ነው እሺ ያልኩት› ይለኛል። በስምምነቱ ላስገድደው እችላለሁ? ወይስ ወደ 500 ሺዬ ልመለስ?»

በነገሩኝ ላይ ብቻ ቆሜ ስመለከተው፣ ስምምነቱ ያስገድደዋል ባይ ነኝ። ሦስቱም ሰበቦቹ ሩቅ አያስኬዱትም። እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው። ወደ 500 ሺው መመለስ እንዳሰቡት ቀላል ላይሆን ይችላል። በእርግጥ መጨረሻ ላይ ወሳኙ እርስዎ ያሉበት አገር ሕግ ነው። መሠረቱ ግን በብዙ አገር ይመሳሰላል።

እስኪ ከቃሉ እንነሳ። «እርቅ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ቂም መተውና ይቅር መባባል ነው። ስለዚህ አንዱ ቃሉን ሲያጥፍ «እርቁ ፈረሰ» እንላለን፤ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት የተመለሰ ይመስለናል። ሕግ ግን የእርቅ ስምምነትን የሚያየው እንደ ማንኛውም ውል ነው። ሻጭ ቤቱን ከሸጠ በኋላ ቢጸጸት ሽያጩ አይፈርስም። እርቅም እንደዚያው ነው።

ታዲያ እዚህ የተሸጠው ምንድን ነው? ክርክሩ ነዋ! እርስዎ 500 ሺህ የማግኘት ተስፋም፣ ባዶ እጅዎን የመቅረት ስጋትም ነበረብዎት። እሱ ደግሞ በተቃራኒው። ሁለታችሁም ያንን ስጋት በ300 ሺህ ቋጫችሁት። ከዚያ በኋላ «ለመሆኑ እውነቱ ከማን ጋር ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተገዛውን ዕቃ መልሶ እንደመጠየቅ ነው።

ለዚህ ነው «ዕዳ አልነበረብኝም» የሚለው መከራከሪያ ደካማ የሚሆነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1870 የተወሰነ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ (የውጭ አገር ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠቅሰው)። ከሳሹ ከሆንዱራስ መንግሥትና ከሌሎች ገንዘብ ይገባኛል ብሎ ክስ ሊመሠርት ተነሳ። አንድ ሰው «ለጊዜው ክሱን አቆየው፣ የቦንድ ሰነዶች እሰጥሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት። ኋላ ላይ ግን «መጀመሪያም የሚገባህ ገንዘብ አልነበረም» ብሎ ካደ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ከሳሹ በቅን ልቦና መብት አለኝ ብሎ እስካመነ ድረስ ክሱን መተዉ ራሱ ዋጋ ያለው ነገር ነው አለ። ጥያቄው ከንቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ!

የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ1804 ጀምሮ የእርቅ ውልን እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጥረው ነበር። በ2016 ቃሉ ተሻሻለ። አሁን የሚለው በተስማሙበት ጉዳይ ላይ ክስ መጀመርም ሆነ መቀጠል አይቻልም ነው። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 3312 ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። ስምምነቱ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው፤ «ስለተደራደርኩበት መብት ተሳስቼ ነበር» ማለትም አያፈርሰውም። ስለዚህ ሸሪክዎ ሂሳቡን ዛሬ እንደገና ደምሮ ሌላ ቁጥር ቢያገኝ፣ ለራሱ ይጠቅመው እንደሆነ እንጃ እንጂ ለፍርድ ቤት ብዙም ትርጉም የለውም። መደመር የነበረበት «እሺ» ከማለቱ በፊት ነበር።

ይህ ማለት ግን እርቅ በምንም አይፈርስም ማለት አይደለም። ስሕተቱ ከክርክሩ ሥር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ወራሾች በአንድ ኑዛዜ ትርጉም ተጣልተው ተስማሙ እንበል። ኋላ ኑዛዜው ቀድሞውኑ የተሻረ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቢያውቁ ኖሮ የሚጣሉበት ነገር አልነበረም። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 779 እንዲህ ያለውን ስምምነት ዋጋ ያሳጣዋል። ሁለቱም እንደ እውነት ቆጥረው የተነሱበት መሠረት ሐሰት ነበረና። የእናንተ ግን እንዲያ አይደለም። ዕዳው መኖር አለመኖሩ ራሱ ነበር ጠቡ።

ተንኮል ከገባበት ደግሞ ሌላ ነው። በ2016 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ጉዳይ ነበር። አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ተጎዳሁ ብሎ ከአሠሪው ኢንሹራንስ ጋር ወደ 135 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተስማምቶ ተቀበለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጎረቤቶቹ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ከስምምነቱ በፊት ድኗል» ብለው ለአሠሪው ነገሩት። ኢንሹራንሱ ያኔም ቢሆን ሰውየው እያጋነነ እንደሆነ ጠርጥሮ ነበር። ቢሆንም ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን አፈረሰው። ተጠራጥሮ መስማማት ተንኮልን ይቅር ማለት አይደለም አለ። እርስዎ ሂሳቡን አዛብተው ካላቀረቡ ይህ አይነካዎትም። ካዛቡ ግን… እሱን እርስዎ ያውቃሉ።

ወደ ፊርማው እንምጣ። «አልፈረምኩም» የሚለው ሦስቱን ሰበቦች ሳወዳድር በቁም ነገር የምመለከተው ብቸኛው ነው።

ሰዎች «ተስማምተናል፣ ወረቀት እናዘጋጃለን» ሲሉ ሁለት የተለያየ ነገር ማለታቸው ሊሆን ይችላል። አንደኛው «ጉዳዩ አልቋል፤ ወረቀቱ ያለቀውን ማስቀመጫ ነው» ነው። ሌላው «ወረቀቱ እስኪፈረም ማናችንም አልታሰርንም» ነው። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1954 በሰጠው ውሳኔ እነዚህን በደንብ ለይቷቸዋል፤ ዛሬም ብዙ ዳኞች በዚያ መንገድ ያስባሉ። የእንግሊዝ ጠበቆች የሚደራደሩበት ደብዳቤ ላይ «ውል እስኪፈረም የማያስገድድ» የምትል ሐረግ የሚለጥፉት ለዚሁ ነው። የለጠፈ ሰው አልታሰረም። ያልለጠፈ ግን በቃሉና በአድራጎቱ ይመዘናል።

የሸሪክዎን መልእክት ልብ ብለው ያንብቡት። «ተስማምቻለሁ» ነው ያለው። «ጠበቃዬ አይቶት እነግርሃለሁ» አላለም። ገንዘቡ፣ የክፍያው ጊዜ፣ የእርስዎ ግዴታ፣ ሁሉም ተቆርጧል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ መቶ ሺውን መክፈሉ ነው። ያልታሰረ ሰው የመጀመሪያውን ክፍያ ቆጥሮ አይከፍልም! እርስዎም ቃሉን አምነው ክሱን አንስተዋል። ሁለቱም ወገን መፈጸም የጀመረው ስምምነት «ገና ረቂቅ ነበር» ሊባል ይከብዳል።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። አንዳንድ አገር ሕጉ ለእርቅ ስምምነት ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ፈረንሳይ አንዷ ናት። ጉዳዩ ቤት ወይም መሬት የሚነካ ከሆነማ ብዙ ቦታ የሚጠየቀው የአጻጻፍ ሥርዓት ጥብቅ ነው። የስልክ መልእክት «ጽሑፍ» ይባላል ወይ የሚለውን እንደየአገሩ ማጣራት ነው። እስከዚያው መልእክቱን እንዳያጠፉት። የተቆረጠ ስክሪንሾት ብቻ ይዞ መቅረብም አያዋጣም። ከላይ እስከ ታች ያለው ንግግር፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ የሚታይበት፣ ከስልኩ ጋር ይቀመጥ። የባንክ ደረሰኙም አብሮ።

«አስፈራርተኸኝ ነው» ለሚለው ብዙ ቦታ አልሰጥም። ክስ መመሥረት መብት ነው። መብትን እጠቀማለሁ ማለት በራሱ ማስገደድ አይባልም። እሱም ከክሱ መሀል ሆኖ፣ ጠበቃ ይዞ፣ ሁለት አምስተኛውን አስቀንሶ ነው የተስማማው። መጠየቅ ያለብኝ ግን አንድ ነገር አለ። በድርድሩ ላይ «ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ»፣ «አሳስርሃለሁ» የሚል ነገር ወጥቶዎት ከሆነ ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ። የወንጀል ክስን የገንዘብ መደራደሪያ ማድረግ ጥሩ የነበረን ስምምነት ሊያበላሽ ይችላል። አንዳንድ ቦታ ራሱ ወንጀል ነው።

እግረ መንገዴን፣ የተገላቢጦሹንም ልንገርዎ። ሸሪክዎ «ዕዳው አለብኝ፣ ግን 300 ሺውን ውሰድ፤ ካልሆነ ምንም አታገኝም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለያል። በእንግሊዝ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለት አነስተኛ ግንበኞች ከ482 ፓውንድ በላይ ያልተካደ ቀሪ ክፍያ ነበራቸው። ገንዘብ ቸግሯቸው እንደነበር ባለዕዳዎቹ ያውቃሉ። የባለዕዳው ሚስት 300 አቅርባ «ይህን ውሰዱ ወይም ተዉት» አለቻቸው። ወሰዱ፤ ደረሰኝም ጻፉ። በኋላ ለቀሪው ከሰሱና ረቱ። ያልተካደ ዕዳን በአነሰ ገንዘብ መዝጋት በዚያ ሕግ በቀላሉ አያስርም፤ በምላሹ የተሰጠ አዲስ ነገር የለምና። በሌላ የሕግ ሥርዓት ገንዘብ ጠያቂው ከወደደ ዕዳውን ይቅር ማለት ይችላል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ከሥሩ የተካካዳችሁበት ስለሆነ እዚህ ውስጥ አይወድቅም።

አሁን ወደ ከባዱ። ወደ 500 ሺው መመለስ ይቻላል?

መልሱ የቀድሞው ጥያቄዎ መቼ እንደሞተ ነው የሚወሰነው። ሲስማሙ ነው የሞተው? ወይስ ሙሉው 300 ሺህ ሲከፈል ነው የሚሞተው? ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ግን የ200 ሺህ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ክሱን በመተውዎ በምትኩ የተቀበሉት *ቃሉን* ከሆነ፣ የቀድሞው መብት ያኔውኑ በአዲሱ ተተክቷል። ሸሪክዎ ባይከፍልም የሚጠይቁት የቀረውን 200 ሺህና የመዘግየቱን ኪሳራ ነው። የተቀበሉት *ክፍያውን* ከሆነ ግን እስኪከፈል ድረስ የድሮው ጥያቄ በሕይወት አለ። ተኝቶ ነበር፤ ይነቃል።

ስምምነቱ በግልጽ ካልተናገረ ዳኛው ከቃላቱና ከሁኔታው ይገምታል። እርስዎ ክሱን ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ወዲያው ማንሳትዎ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመጀመሪያው ትርጉም ያደላል። «ቃሉን አምኖ ጨርሶታል» ይባላል። በሌላ በኩል ፈረንሳይን ብንወስድ፣ የራሱን ድርሻ ያልፈጸመ ሰው በእርቁ መከለል አይችልም የሚል የቆየ የፍርድ ልምድ አለ። ብዙ የውል ሕጎችም መሠረታዊ ጥሰት ሲኖር ውሉን መሰረዝና ወደ ነበሩበት መመለስን ይፈቅዳሉ። ስለዚህ በሩ ተዘግቷል አልልም። ክፍት ነው ብሎ ዘሎ መግባት ግን አደገኛ ነው።

ይህን የምለው እኔም ስለተቃጠልኩበት ነው። ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ደንበኛዬ የእርቅ ስምምነት ጻፍኩ። መግቢያው ላይ «ተዋዋዮቹ በዚህ ስምምነት የቀድሞ ጥያቄያቸውን ሙሉ በሙሉ ትተዋል» የሚል ያማረ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ባለዕዳው አንድ ጊዜ ከፍሎ ቆመ። ወደ ዋናው ዕዳ እንመለስ ብለን ስንነሳ ያች ያማረች ዓረፍተ ነገር መንገዱን ዘጋችብን። «በዚህ ስምምነት» የሚለውን «የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት አይመጣም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእርቅ ረቂቅ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው መተዉ የተጻፈበት መስመር ላይ ነው።

ሸሪክዎ ተመልሶ «እሺ ወረቀቱን እንፈርም» ሊል ይችላል። ክስ ሲሸታቸው ብዙዎች ይላሉ። ያኔ ዋስትናውን በትክክል ያስገቡ። «300 ሺህ ይከፍላል፤ አንድ ቀን ካሳለፈ 500 ሺህ ይከፍላል» ብለው ከጻፉ ዳኛው ያችን 200 ሺህ እንደ መቀጫ አይቶ ሊቀንሳት ወይም ሊጥላት ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2008 እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። በ20 ሺህ ዶላር የተስማሙበት ክርክር ባለመከፈሉ ወደ 60 ሺህ ገደማ ሲያድግ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህማ መቀጫ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ባለዕዳው ትልቁን ዕዳ አምኖ አያውቅም ነበርና። አሁን ይህን ገልብጠው ይጻፉት፦ «500 ሺህ ዕዳ እንዳለብኝ አምናለሁ። 300 ሺውን በተባለው ቀን ከከፈልኩ ቀሪው 200 ሺህ ይማርልኛል።» ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሕግ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እዚህ መቀጫ የለም፤ በጊዜው ለሚከፍል የሚሰጥ ምሕረት ነው ያለው። ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ይህን ከ1869 ጀምሮ ተቀብሎታል። እርግጥ ሸሪክዎ 500 ሺውን እንዲያምን ማድረግ ራሱን የቻለ ድርድር ነው።

ደግሞ ጠበቃው በሚያመጣው ረቂቅ ላይ «ከማናቸውም ዓይነት የአሁንና የወደፊት ጥያቄ ነፃ» የሚል ካለ ቆም ይበሉ። ከሸሪክዎ ጋር ሌላ ያልተዘጋ ነገር ካለ ለይተው ያስወጡት። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ሐረግ አንዳንዴ አጥብበው ይተረጉሙታል። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ2001፣ የተሰናበቱ የባንክ ሠራተኞች የፈረሙት ጠቅላላ መተው፣ ሲፈርሙ ማንም ሊያስበው ያልቻለውን ጥያቄ አይጨምርም ብሏል። በዚያ መተማመን ግን አይገባም። እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ያስቡት።

አንድ የቀረ ቁጭት አለ፤ ክሱን ያነሱበት መንገድ። ስምምነቱ በመዝገቡ ላይ ቢሰፍርና ፍርድ ቤቱ ቢያጸድቀው ኖሮ ዛሬ የሚከፍቱት የአፈጻጸም መዝገብ ብቻ ነበር። ዝም ብለው ስላነሱት ግን በስምምነቱ ላይ የተመሠረተ አዲስ ክስ ያስፈልግዎታል። ይህ በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 እንዳለው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገቡን ከዘጋ በኋላ በትእዛዙ ውስጥ ሥልጣኑን ለራሱ ካላቆየ በቀር እርቁን የማስፈጸም ሥልጣን አይኖረውም። እንግሊዞች ለዚህ መላ ዘይደዋል። ዳኛ ቶምሊን በ1927 ባወጡት መመሪያ ምክንያት እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ትእዛዝ አላቸው። ክሱ ይቆማል እንጂ አይዘጋም፤ የስምምነቱ ዝርዝር ከትእዛዙ ጋር ይያያዛል። ካልተፈጸመ ወደዚያው መዝገብ መመለስ ነው። በግልግል ዳኞች ፊት ለሚታረቁም ስምምነቱን እንደ ግልግል ውሳኔ ማስጻፍ ይቻላል። ከዚህ በኋላ የሚስማሙ ከሆነ ከእነዚህ በአገርዎ ያለውን መንገድ ጠበቃዎን ይጠይቁ።

የቀድሞው ክስ ሲነሳ «እንደገና የማቅረብ መብቴ ተጠብቆ» ብለው ከሆነ ግን ብዙ ይረዳዎታል። የትእዛዙን ግልባጭ ዛሬውኑ ያውጡ። የይርጋ ቀኑንም፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ ያስቆጥሩ። መቶ ሺህ መክፈሉ በብዙ ሕጎች ዕዳ እንደማመን ተቆጥሮ ይርጋውን ሊያቋርጥ ይችላል፤ እሱ ግን ለስምምነቱ እንጂ ለአሮጌው 500 ሺህ ላይሆን ይችላል።

እስከዚያው ሁለት ነገር አደራ። ተናደው «በቃ እርቁ ፈርሷል!» የሚል ድምፅ እንዳይልኩለት። ሸሪክዎ የሚፈልገው ያንን ነው። ነገ ፍርድ ቤት «ራሱ አፍርሶታል» ይልና በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ እርስዎ ሳይሆኑ እሱ ይመርጥልዎታል። ሁለተኛ፣ የሚልኩት ማስጠንቀቂያ አጭር ይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦

«በ… (ቀኑ ይሞላ) በመልእክት በ300 ሺህ ተስማምተናል። የመጀመሪያውን 100 ሺህ ከፍለሃል፤ እኔም ክሱን አንስቻለሁ። የሁለተኛው ክፍያ ቀን አልፏል። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በ15 ቀን ውስጥ እንድትከፍል እጠይቃለሁ። ካልከፈልክ ስምምነቱን ለማስፈጸም ክስ እመሠርታለሁ። ሕግ የሚሰጠኝ ሌላ መብት ሁሉ እንደተጠበቀ ነው።»

ያችን የመጨረሻ መስመር እንዳይቆርጧት፤ ወደ 500 ሺው የሚወስደው በር ካለ እንዳይዘጋ የምትይዘው እሷ ናት። ሁለተኛው መቶ ሺህ ከገባ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ወይም በሚላላኩበት መልእክት «የስምምነቱ ሁለተኛ ክፍያ» የሚል ይጻፍበት።